ገደሉ ላይ ከባሌ እህት ጋር

የባሌ ታላቅ እህት ወደ ሽንፋ ከተማ የመጣችው እኛን ልትጠይቅ አልነበረም። ወንድሟን ልትወስድ ነበር። ይህን ገና ከአውቶቡስ ስትወርድ አውቄዋለሁ። ሁለቴ ሳመችኝና በትከሻዬ ላይ አሻግራ አቧራውን፣ የቆርቆሮ ሱቆቹን፣ ጥላ ስር የቆሙትን አህዮች አየች።

"ይኼ ነው አገሩ?" አለች።

ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። መልሱንም ከጎንደር ይዛው ነበር የመጣችው።

እናታቸው የሞተችው ባሌ ገና ዳዴ ሲል ነው። ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ መካኒክ እስኪሆን ድረስ የተሸከመችው እሷ ነች። ይህን ታሪክ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ በደወለች ቁጥር ይነገረኝ ነበር። እኔ ሽንፋ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባሌ ትራክተር ሊጠግን መጥቶ፣ ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ቀረ። በእሷ ዓይን ግን የቀረው በእኔ ነው። ፊት ለፊት "እትዬ" እያልኩ በአንቱታ አናግራታለሁ። በልቤ ግን "ያቺ ሴትዮ" ነበረች።

ሦስት ቀን አብረን ሰነበትን። የጠረግሁትን ቤት መልሳ ጠረገችው። ውሃው ይጎመዝዛል፣ አጎበሩ ያፍናል፣ ቆርቆሮው ያቃጥላል ትላለች። ሲበርድ እንድትጠጣው የከርከዴ አበባ አፍልቼ ብሰጣት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ፣ "ደም ነው የሚመስለው" ብላ አስቀመጠችው። ባሌ በመካከላችን ዓይኑን ሰሃኑ ላይ ተክሎ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይወጣል። በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ እንደ ድንገት አንድ ሐሳብ አመጣ።

"ነገ ገደሉ ላይ እወስዳችኋለሁ። ወንዙን ትይልኝ እህቴ። እንዲያው ሙቀቱን ብቻ አይታ እንዳትሄድ።"

ገደሉን የሽንፋ መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ያውቁታል። በበዓል ቀን እዚያ ሄደው ቁልቁል ወንዙን ያያሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ የደፈረ ወርዶ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። እኔም ከተጋባን በኋላ ከባሌ ጋር ሁለቴ ሄጃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ስልኩ ጮኸ። አብደራፊ ከተማ ትራክተር ተበላሽቶ ቆሟል፣ አይሱዙው መንገድ ላይ ይጠብቀዋል፣ አሁኑኑ መሄድ አለበት።

"አንቺ ውሰጃት" አለኝ የመፍቻ ሳጥኑን እያነሳ። "እኔ ነገ እመለሳለሁ። ብቻ እንዳትጣሉ።"

ፊቱን አየሁት። ከፈተና የተረፈ ተማሪ ፊት ነበር።

የተከራየነው ባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት ደረቅ ቦይ ድረስ አደረሰን። ሾፌሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ሊወስደን ተስማምተን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። የካቲት ነበር። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ የዋልካ አፈሩ ስንጥቅ እግር ይውጣል። መንገዲቱ ሽመል በሚባለው የቆላ ቀርከሃና በግራሩ መካከል ቀጥና ትሄዳለች፤ የደረቀው የሽመል ቅጠል ሲረገጥ ይንጫጫል። እሷ ነጭ ነጠላ ለብሳ ተረከዝ ያለው አዲስ ጫማ አድርጋለች። ጫማውን ጠዋት ከቤት ስንወጣ አይቼዋለሁ። አይሆንም ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ደግሞም ፈጥኜ ነበር የምሄደው። ሁልጊዜ እንደዚያ አልሄድም።

"ምን ያስሮጥሻል?" አለች ከኋላዬ።

"ፀሐይ ሳትበረታ ብዬ ነው እትዬ።"

"እዚህ አገር ፀሐይ የማትበረታበት ሰዓት አለ?"

"ሌሊት አለ" አልኳት ሳልዞር።

ገደሉ ጫፍ ስንደርስ ነጠላዋ ከዳር እስከ ዳር ጥላሸት ነክቶት ነበር። እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ፤ እሷ አንድ ድንጋይ ይዛ ታለከልካለች። ከታች ሽንፋ ወንዝ ይታያል። የካቲት ላይ ወንዝ ከመባል አሸዋ ቢባል ይሻላል፤ ከገደል እስከ ገደል ነጭ አሸዋ ተዘርግቶ፣ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ኩሬ ተኝቶበታል። በጥቁሮቹ ድንጋዮች ላይ ዝንጀሮዎች ተቀምጠው ነበር። ከወንዙ ማዶ የተሰበሰበ የሰሊጥ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ ደግሞ ሜዳ፣ ከሜዳውም ማዶ ሜዳ፣ እስከ ሱዳን። ነፋሱ ከምድጃ እንደሚወጣ ነው።

ያምራል እንድትል ጠበቅሁ። ለእሷ ብዬ አልነበረም። ሰባት ዓመት የኖርኩበት አገር ነውና አንድ ሰው ከጎንደር መጥቶ ያምራል ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ረዥም ጊዜ አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ፎቶ ታነሳ ጀመር። የተቃጠለውን ሣር አነሳች። ማዶ ያለውን ማሳ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየዞረች አነሳች። እኔንም ከኋላዬ አንድ ጊዜ አነሳችኝ።

"ለማን ነው እትዬ?"

"ለዘመድ። ወንድሜ የተጣለበትን አገር ይዩልኝ።"

"ማንም አልጣለውም።"

"ያልጣለው ሰው አስሮታላ።"

ይህን ብላ በፍየል መንገዱ ወደ አሸዋው መውረድ ጀመረች። ተረከዟ እየተንሸራተተ፣ ቁጥቋጦ እየያዘች ወረደች። አልተከተልኳትም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ከያዝኩት ጠርሙስ ውሃ ጠጣሁ።

አሁን የምጽፈውን ለባሌ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ከኩሬዎቹ ትልቁ ውስጥ አዞ እንዳለ ሽንፋ ላይ የማያውቅ የለም። ለዚህ ነው ውሃ ቀጂዎቹ ወደ ኩሬው ሳይጠጉ አሸዋውን ቆፍረው ከጉድጓዱ የሚቀዱት። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ባጃጁ ውስጥ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ስለ መንገዱ ስታማርር ተናድጄ ተውኩት። አሸዋው ላይ ደርሳ ጫማዋን አወለቀች። እግሯ ተልጦ እንደሆነ ከላይም ያስታውቃል፤ እያነከሰች ወደ ትልቁ ኩሬ አመራች። ልትታጠብ ነው። ብድግ አልኩ። አፌን ከፈትሁ። ድምፄ ግን ወዲያው አልወጣም። ሁለት እርምጃ ሄደች። ሦስት። አራት።

"እትዬ! ይውጡ! አዞ አለ!"

በዚያው ቅጽበት ከቁጥቋጦው በኩል የወንድ ድምፅ "ከውሃው ራቂ! አንቺ ሴት!" ብሎ ጮኸ። ወደ ኋላ ዘላ አሸዋው ላይ በቂጧ ወደቀች። ውሃው አልተንቀሳቀሰም። አዞው ይኑር አይኑር ያን ቀን አላየነውም። እኔ ግን እየተንሸራተትኩ ወደ እሷ ወረድኩ።

የጮኹት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ ማተባቸው በላብ ርሶ፣ በላስቲክ ጫማ አሸዋውን እየገመሱ መጡ። ያዳኗትን ሴት ግን ተረፍሽ አላሏትም።

"ማን ነው የላካችሁ?"

"ማንም አልላከንም አባቴ" አልኩ። "ወንዙን ልናይ ነው። እኔ የሽንፋ መምህርት ነኝ።"

"ከጠዋት ጀምሮ ከአውድማዬ ሆኜ ሳያችሁ ነበር። እየዞራችሁ መሬቱን በፎቶ ስታነሱ። መምህርት ማሳ ምን ያደርግላታል?" አገጫቸውን ወደ እሷ አዞሩ። "ይችስ?"

"ከጎንደር የመጣች ናት።"

"ምንሽ ናት?"

የባሌ እህት ናት ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ጠመንጃው ግን አሁን ከትከሻቸው ወርዶ በእጃቸው ነበር፤ ፎቶውን ያነሳችውም እኔ አይደለሁም። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ለአንድ አፍታ ብቻዋን ስትጨነቅ ማየት ፈልጌ ነበር።

"ፎቶውን ለምን እንዳነሳች እኔ አላውቅም" አልኩ። "እሷን ይጠይቋት።"

አሸዋው ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝ። ንዴት አልነበረም ዓይኗ ውስጥ። ገርሟት ነበር።

ሽማግሌው ስልኳን ተቀበሏትና ሁለታችንንም ከፊታቸው አስቀድመው በሌላ መንገድ ወደ አውድማቸው አወጡን። የማሽላ ክምር ያለበት ሜዳ ነው፤ አጠገቡ አንድ ትልቅ ግራር። ከስሩ ቁጭ በሉ ተባልን። ለሚሊሻው አለቃ ደወሉ። "ሁለት ሴቶች ይዣለሁ፤ መሬት ሲያነሱ የነበሩ፤ ናና እያቸው" አሉ። ከዚያ ከግንዱ ስር ካለችው እንስራ ቀድተው ጠጡ፤ አፏንም ከደኑ። ለእኛ ጠጡ አላሉንም። እኔ የቀረችኝን ጠርሙስ ወደ እሷ ብዘረጋ ፊቷን አዞረች።

"አላውቅም አልሽ" አለች ቀስ ብላ።

"ፎቶውን ነው ያልኩት።"

"ፎቶውን ለማን እንደማነሳ በአፌ ነግሬሻለሁ። ሰምተሻል። ምንሽ ናት ሲልሽ የባሌ እህት ናት አላልሽም።" የተላጠ እግሯን እያየች፣ "አዞውንም ታውቂ ነበር" አለች።

ከክረምት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ያስቀመጥኩትን አወጣሁት።

"እርስዎስ? እርስዎ አውቀውኛል? የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ወባ ጥሎኝ፣ ልጄ ሞቶ ተወልዶ፣ ከዚህ አገር አውጣኝ ብዬ ባለቅስ፣ 'ያቺን ሴት ይዘህብኝ እንዳትመጣ' ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ምን አልሽ?"

"ለእሱ የነገሩትን ነው የምነግርዎ።"

"መቼ ነው ይህን ያልኩት?"

"ክረምት ላይ። ልጁን በቀበርን ሰሞን።"

ወደ እኔ ሙሉ ለሙሉ ዞረች። ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሽማግሌው ከማሽላው ክምር ቀና አሉ።

"እኔ? እኔ ነኝ ይህን ያልኩት? ያኔ ክፍሉን ኖራ አስቀብቼ፣ አልጋ አሠርቼ ጠብቄያችሁ ነበር! ጋራዥ ለምኜ ሥራ አግኝቼለት፣ አንዴም አይደለም፣ ሁለቴ! 'ሚስቴ ሥራዬን ለቅቄ አልወጣም አለች' አለኝ። 'ልጇ የተቀበረበትን አገር አትለቅም' አለኝ። በማርያም ብሎ ማለልኝ!"

"ጋራዥ?" አልኩ። "የምን ጋራዥ?"

"አልነገረሽም?"

"የዝውውር ማመልከቻዬን ጎንደር ላስገባልሽ ብሎ የወሰደው እኮ እሱ ነው። ቦታ የለም ብለው መለሱት አለኝ።"

"የምን ማመልከቻ?" አለች እሷም።

ከዚያ እንደገና ጀመርን፤ አሁን ግን ቀን በቀን፣ ስልክ በስልክ እየቆጠርን ነበር። ጥምቀት ላይ ባሌ ለእሷ ምን አላት፣ ለእኔ ምን አለኝ። ለፋሲካ ለምን እንደቀረን። አንዷ ስትናገር ሌላዋ "ውሸት!" ትላለች፤ ውሸት የምንለው ግን እርስ በርሳችንን እንዳልሆነ ቀስ በቀስ ገባን። ተቀራርበን ግን አልነበረም። እንዲያውም የበለጠ ጠላኋት፤ እሱን በመጥላት ፋንታ የለመድኩት እሷን መጥላት ስለነበር።

ሽማግሌው መጥተው ከፊታችን ቆሙ።

"መሬት ሊለኩ የሚመጡ ሰዎች" አሉ፣ "ምሳ ይዘው፣ እየተሳሳቁ ነው የሚመጡ። እንዲህ አይጣሉም።"

ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። "ተወው፤ አትምጣ። የቤት ጣጣ ነው።" ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ፊታቸው ግን አልለዘበም። "አምና ሦስት ሰዎች መጡ። ጎብኚ ነን አሉ። ገደሉ ላይ ቆመው ፎቶ አነሱ፤ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ሐብሐብ ቆርጬ ሰጠኋቸው። በክረምት የወንድሜ ማሳ ላይ የማላውቀው ትራክተር ሲያርስ አገኘሁት። ባለሀብት ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ውሃ አልሰጥም።"

ስልኳን መለሱላትና እያንዳንዱን ፎቶ ፊታቸው አስጠፏት። የማሳውን፣ የሜዳውን፣ የወንዙን። እኔ የተነሳሁባትን ሲያዩም "ይችንም" አሉ።

"አባቴ፣ ቦታው እኮ የሁሉም ነው" አልኩ ስንነሳ። "መምህራኑ በበዓል ይመጣሉ።"

"የሁሉም ነው ሲባል ነው የሰው መሬት የሚሄድ። ሂዱ። ዳግመኛ እዚህ እንዳላያችሁ።"

ሄድን። ተረከዟ ደምቶ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። በመንገዱ አጋማሽ ላይ ቆምኩና የእኔን ጫማ አውልቄ ዘረጋሁላት።

"ካንቺ ጫማ እሾሁ ይሻለኛል" አለችኝ።

ባጃጁ ዘግይቶ መጣ። በሁለት ድንጋይ ላይ፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ጠበቅነው። ቤት ስንገባ ሻንጣዋን አወጣችና ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። እኔ ውሃ አሞቅሁላት፤ ጨው ጨምሬ በሳፋ ከፊቷ አስቀመጥኩ። እግሯን ዘፈዘፈች። እግዜር ይስጥልኝም አላለችም፣ አልፈልግምም አላለችም።

ባሌ በማግስቱ እኩለ ቀን ገደማ መጣ። እጁ በግሪስ ጠቁሮ፣ አንድ ትልቅ ሐብሐብ በብብቱ ይዞ። በሩ ላይ ቆመና እኛን አየ። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠው ይህ ይመስለኛል።

"ምነው? ሰው ሞተ?"

"ያገኘሁልህን ሥራ ለሚስትህ ነግረሃታል?" አለች እህቱ።

ሐብሐቡን የሚያስቀምጥበት ፈለገ። ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ተንከባለለ፤ መልሶ ያዘው።

"ማመልከቻዬስ የት ነው?" አልኩ እኔ።

አልካደም። ይህን ለእሱ እመሰክራለሁ። ሐብሐቡን ታቅፎ እንደቆመ ተናገረ።

"ጎንደር ስገባ እኔ ያንቺ ልጅ ነኝ" አለ ለእህቱ። "ጋራዡም ያንቺ፣ ቤቱም ያንቺ፣ ምክሩም ያንቺ። እዚህ ትራክተር ሲቆም ሰው የሚጠራው እኔን ነው። ከአብርሃ ጅራ፣ ከአብደራፊ ይደወልልኛል። መሄድ አልፈልግም። አልሄድም ማለት ግን አቃተኝ። ላንቺም፣ ለእሷም።"

"ስለዚህ በእኔ አሳበብህ" አልኩ።

"በእኔም" አለች እሷ።

"ልጃችንን ቀብረን በተመለስን ሳምንት?" አልኩት። "ያኔም ነው የዋሸኸኝ?"

ሐብሐቡን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እህቱ ተነሳች። እጇን ስታነሳ ልትመታው መስሎኝ ነበር፤ እሱም አንገቱን ሰበረ። እጇ አየር ላይ ቆየና ወረደ። ከዚያ ወዲያ እስክትሄድ ድረስ አላናገረችውም።

ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሻንጣዋን ላግዝ ብል አልከለከለችኝም። አውቶቡሱ ሞተር ሲያስነሳ መስኮቱን ከፈተች።

"አልወድሽም" አለች። "ይህን ደግሞ ፊት ለፊት ነው የምነግርሽ፤ በሰው አልልክብሽም። አላውቅም ያልሽውንም አልረሳልሽም።"

"እኔም አልረሳውም እትዬ።"

"ክፍሉ ግን አለ። ከፈለግሽ ለብቻሽ ነይ።"

ማመልከቻውን በዚያው ሳምንት በራሴ እጅ አስገባሁ። ዝውውሩ የተፈቀደው ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ነው። ባሌን አብረን እንሂድ አልኩት፤ ክረምቱ ይለፍ አለ፣ ከዚያ አዝመራው ይሰብሰብ አለ። በመጨረሻ ግን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልዋሸኝም፤ አልመጣም ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ነገረኝ። ሻንጣዬን ጫንኩ።

አሁን ጎንደር ነው የምኖረው፣ እሷ ግቢ ውስጥ። ስለ በርበሬው፣ ስለ በሩ መቀርቀሪያ፣ መብራት ስለማጥፋት በየቀኑ እንነታረካለን። በወባ ምክንያት እስከዛሬ የሚመላለስብኝ ትኩሳት ሲነሳ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ታድራለች፤ ሲሻለኝ ደግሞ ሌሊቱን እንዳላስተኛኋት ለጎረቤት ሁሉ ትናገራለች። ባሌ በየሁለት ወሩ ይመጣል። ሲመጣ እንግዳ ነው፤ ሁለታችንም እናበላዋለን። አንዳንዴ እኔን ለብቻዬ ጓዳ ሊያናግረኝ ይሞክራል፤ እሷ ድስት ፈልጋ ትገባለች። እሷን ግቢው ውስጥ ለብቻዋ ሊያናግራት ሲሞክር ደግሞ እኔ ልብስ ላሰጣ እወጣለሁ። ይህን ተመካክረን አልጀመርነውም።